ቀይ ነጥብ

የባሏ ታናሽ ወንድም ከታጠቡት ፒስተኖች አንዱን ሲያነሳ፣ እሷ ከበረንዳው ዘላ ወረደች። ሟቹ ባሏ የተወላት መኪና ሞተር ሊጠገን ግቢው ውስጥ በተፈታ ዕለት፣ መካኒኩ ወንድምየው እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል፣ በየፒስተኑ ሆድ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጋ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። አሁን በእጁ በያዘው ላይ ነጥብ አልነበረም።

«ይሄ የኔ አይደለም! የኔን የት አደረስከው?»

ቀና ሳይል፣ ከቱታው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ፒስተን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ቀዩ ነጥብ አለ፤ አጠገቡ ግን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርዶበታል። «ይሄ ተመልሶ ቢገባ ሞተሩን ይበላብሽ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ያኛው ከየት መጣ?»

«ተገኘ» አለና ሥራውን ቀጠለ።

አላመነችውም። ወደቀሩት ሦስት ፒስተኖች ጎንበስ አለች። በቤንዚን ታጥበው ያብረቀርቁ ነበር፤ የቀዩን ነጥብ ዙሪያ ግን ጠርጎ፣ ነጥቡን ሳይነካ ትቶላታል። ፊቷ ጋለባት፤ ዓይኗን ወደ በሩ አሸሸች። ሞተሯ ሳይቀር የሷ መኪና መንትያ የሆነችው የእሱ መኪና ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነበር። ጫማውን አየች፤ ረጅም መንገድ በእግሩ እንደመጣ ሰው፣ እስከ ማሰሪያው አቧራ ለብሶ ነበር።