ጠቅ ያላለው ክዳን

የመግሪብ አዛን እንደተሰማ ቱሪያ ለማፍጠር ከመደርደሪያው ያነሳችውን የሃይላንድ ውሃ ከፈተች። ክዳኑ ጠቅ አላለም። የሳቢያን ሰፈሯ ባለሱቅ ስምረት ክው አለች። ጠዋት ተቆጣጣሪዎች የአልኮል መጠጥ ከሌላው ዕቃ ይለይ ሲሏት ጠርሙሶቹን ሁሉ ጓዳ አስገብታ ነበር። በሁለት ሃይላንድ የተቀዳውን አረቄ ግን እንዳያዩባት ውሃው መሀል ሸሽጋ እዚያው ረስታዋለች።

ቱሪያ "ቢስሚላህ" ብላ ወደ አፏ ስታስጠጋው ስምረት በባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ከእጇ መትታ ጣለችው። የአረቄ ሽታ ሱቁን ሞላው።

"አልቀመስሽም አይደል?" አለቻት።

ቱሪያ የረጠበ እጇን አሸተተች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ወላሂ እኔ አልቀመስኩም" አለች። "አባቴ ግን ቅድም ከጎኑ የነበረውን ሃይላንድ ሊያፈጥሩበት ይዘው መስጊድ ሄደዋል።"

ውጭ አዛኑ አለቀ።