ውርጭ የበላው ደረጃ

ልጅቱ አንድ እፍኝ ቃጫ ለአዲሱ ደረጃ በተቦካው ኮንክሪት ላይ በተነችና አካፋዋን አነሳች። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

“ይሄ ሽበት የመሰለ ነገር ምን ይሠራል?”

“የፕላስቲክ ቃጫ ነው፣ እማ። ስንጥቅ አፉን እንዳይከፍት ይይዘዋል። ውሃ ካልገባበት ውርጩ አያፈነዳውም።”

እናትየው ወደ ኮንክሪቱ ጎንበስ ብላ አየች። የድሮውን ደረጃ የሠራው ባሏ ነበር፤ በገዛ እጁ፣ ገና ሙሽሮች ሳሉ። ደረጃው በየብርዱ ወራት ውሃ እየጠጣ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ እያበጠበት፣ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ አሸዋ ሆነ። አምና አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ከእግሩ ሥር ከዳው። ወገቡ ጠርዙ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ እግሮቹ አልታዘዙትም፤ ከአልጋ አልወረደም።

“ውሃ አታብዢበት!” አለ አባትየው ከውስጥ። አልጋውን ወደ በሩ አዙረውለታል።

“አላበዛሁም፣ አባዬ።”

“ለማን ብለሽ ነው ግን እንዲህ የምትለፊው? እኔ እንደሁ አልወርድበት።”

“አንተን ተሸክመን ስንወርድ እንዳንወድቅ ነዋ!”

ለቀልድ ያለችው ነው። ስለ ሬሳው የተናገረች እንደሚመስል የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እናቷ ፊቷን አዞረች። አባትየው ብቻ ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ እስኪያልቅ።

የመጨረሻውን ደረጃ አስተካክላ ስትጨርስ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ትንፋሿ ከፊቷ ይጨሳል። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ውርጭ ካገኘው ቃጫውም አያድነው፣ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ። ሸራ አለበሰችው። ሸራ ብቻውን ግን ምን ሊሆን።

“እማ፣ የሚደረብ ነገር ፈልጊልኝ። ጆንያም ቢሆን።”

እናትየው ገባች። ከውስጥ ዝቅ ያለ ጭቅጭቅ ተሰማ። ስትመለስ አንድ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ታቅፋለች። ልጅቱ ስትቀበላት ገና ይሞቃል።

“እንዴ! ይሄ የአባዬ አይደል? መልሽለት!”

“አልብሺው ብያለሁ!” አለ አባትየው። “እኔ እግሬ ብርድ አያውቅም።”

ብርድ ልብሱን ሸራው ላይ ዘረጋችው፤ ነፋስ እንዳይገልጠው ጠርዙን በጡብ አስያዘችው። ቀና ስትል፣ በክፍቱ በር፣ አንሶላው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አየች። ልክ እናቷ እንዳስተኛቻቸው ናቸው።