ከዝርዝሩ የተሰረዘ ስም

ጠጂቱ ከወረዳ የመጣችው ጎርፉ ባለፈ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ስትገባ የቀበሌው አዳራሽ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እሷ ማንንም ሳታይ ከፊት ተቀመጠች። ግራና ቀኟ ያሉት ወንበሮች ስብሰባው እስኪያልቅ ባዶ ቀሩ።

«ሌላ ሰው አጥተው ነው እሷን የላኳት?» አለ ሌሊሳ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለው ሊቀመንበሩ ጉደታ።

የተሰበሰቡት ከአደጋው የተገኘውን ትምህርት ለመጻፍ ነው። መቶ አርባ ሰው በሰላም ወጥቷል። የሞቱት እማማ የውብዳር ብቻ ናቸው። ጸሐፊዋ ራቢያ የያዘችው ቅጽ ላይ ግን «ስህተቱን የፈጸመው ሰው ስም» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ጉደታን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ያ ባዶ ቦታ ነበር። ከሥራው ከተነሳ አሰላ ባጃጅ ከሚነዳው ልጁ ጋ ከመጠጋት ሌላ መግቢያ የለውም።

የዝርዝሩን አሠራር ያመጣው ወረዳው ነው። ክረምት ሳይገባ መሮጥ የማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይመዘገባሉ፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ የሚሸከማቸው ሰው ይጻፋል። የእማማ የውብዳር ስም ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል።

«ተሸካሚያቸው ማን ነበር?» ጠየቀች ጠጂቱ።

ሌሊሳ ተነሳ። «እኔ። እሳቸው ሲሰረዙ ጋሽ አበጋዝን ሰጡኝ። ክብደታቸውን ብቻ አትጠይቂኝ፣ ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጠጂቱን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት።

«በእማማ የውብዳር ደጅ አላለፍክም?»

«አልፌአለሁ።» ድምፁ ወረደ። «ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማቸውን አድርገዋል፣ ጓዛቸውን እግራቸው ሥር አስረው አስቀምጠዋል። የሚወስዳቸው ሰው እየመጣ መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩላቸው። እሳቸውም አውለበለቡልኝ።»



«ዝርዝር ሳይኖር ሁላችንም ለሁሉም ነበር የምንሮጠው» አለች የእማማ የውብዳር ጎረቤት አሰገደች። «ዘንድሮ እያንዳንዱ የተመደበለትን ይዞ ወጣ።»

«ይህን ጻፊው» አለች ጠጂቱ ለራቢያ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «ጋሽ ጉደታ፣ ማን ሰረዛቸው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ጉደታ ጭጋግ የዋጠውን የጭላሎን ተራራ በመስኮት እያየ መለሰ። «ሰኔ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። በዚህ ሳምንት ወደ አሰላ ይወሰዳሉ፣ ተሸካሚያቸውን ለሌላ ስጥ ተባልኩ።»

«ተወሰዱ?»

«አልተወሰዱም። ሁለት ወር ሙሉ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ‹መኪና መጣ?› ይሉኝ ነበር።»

«መልሰው ለምን አልጻፏቸውም?»

«ዛሬ ነገ ይወሰዳሉ እያልኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ።»

«የደወለው ማን ነው?»

«ረሳሁት።»

ውሸት መሆኑን ያላወቀ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ሁሉም አቀረቀረ።

«ስም ካልተገኘ ጥፋቱ በሙሉ በእርስዎ ላይ ይጻፋል» አለች። «ከኃላፊነት ይነሳሉ። ሊከሰሱም ይችላሉ።»

«ይጻፍ። የሰረዝኩት በገዛ እጄ አይደል?»

«ሰው እየሸፈኑ ነው፣ ጋሽ ጉደታ።»

«ተይኝ በፈጠረሽ!» አለ ጉደታ። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ያንን ስም ከአፌ አታወጪም።»

ራቢያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጠጂቱ መልሳ አስያዘቻት።

«ጻፊ» አለቻት። «የደወለችው ልጃቸው ጠጂቱ ናት።»