የግሌንዳ መስኮት

አርብ ከሰዓት በኋላ የካውንቲው ፍርድ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ግሌንዳ ከጀርባዋ ያለውን መስኮት ከፈተችና እንዳይዘጋባት በማስመሪያ ደገፈችው። ወዲያው የመኪና ጭስ ሽታ ገባ። ውጭ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል፤ መሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ከኮፍያው በቀር አይታይም።

«ጭሱን ሰው አፍንጫ ውስጥ እየለቀቀ እንዴት ይቀመጣል?» አለች።

ግሌንዳ የማትጸየፈው ነገር ጥቂት ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት የመኪና ሰሌዳ የሚያሳድሰውም፣ የመሬት ውል የሚያስመዘግበውም፣ የጋብቻ ፈቃድ የሚያወጣውም የሚሰለፈው በዚሁ ባንኮኒ ስለሆነ የአገሩን ጉድ ሁሉ ታያለች። ባለጉዳዩ ዞር ሲል እጁ ያረፈበትን ቦታ በአልኮል ትወለውላለች። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት አንድ ልጅ ነው፤ እሱም በገና ሰሞን በሆነ ነገር ተጣልቷት እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እህል አይጣፍጣትም። ግን ቀድሜ አልደውልም ብላ ምላለች።

«ዛሬም አልደወለም?» አለች ከጎኗ የምትሠራው ቶንያ። የምታየው የግሌንዳን ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ዓሣ ይዞ የሚስቅ ልጅ ፎቶ ቆሟል።

«ሲርበው ይደውላል።»

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ገቡ። ሽማግሌው ሰማንያ ቢያልፍ እንጂ አያንስም። ትምባሆ ጉንጩን ወጥሮታል፣ የሚተፋበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በእጁ ይዟል። ልጅቷ ክንዱን አቅፋ ጨው ያለበት ብስኩት ትቆረጥማለች።

«ወደዚህ ኑ፣ እኔ ጋ ሰው የለም» አለቻቸው ቶንያ።

«ይቆየን፤ እኛ የፈለግነው እሳቸውን ነው» አለ ሽማግሌው፣ በአገጩ ወደ ግሌንዳ እያመለከተ።

ግሌንዳ የያዘችውን የመኪና ሰሌዳ ጉዳይ ጨርሳ ቀና አለች። «ምን ነበር?»

«የጋብቻ ፈቃድ» አለች ልጅቷ። ፊቷ ቀላ።

ግሌንዳ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ልጅቷን አየች።

«ለፈቃዱ ሁለቱም እዚህ መቆም ግድ ነው?» አለ ሽማግሌው።

«ግድ ነው።»

ሽማግሌው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ መስኮቱ አየ። «እንግዲያው መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትዎ፣ ወይዘሮ ግሌንዳ…»

«እርስዎን አልጠየቅኩም። የማነጋግረው እሷን ነው።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ያስገደደሽ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም። እወደዋለሁ።» ልጅቷ ፈገግ አለች። «ትንሽ ግትር ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው። ግትርነቱን የወረሰው ከእናቱ ነው ይላሉ።»

የእናቱ አጥንት ከአፈር ከተቀላቀለ ስንት ዘመኑ፣ አለች ግሌንዳ በሆዷ። ሽማግሌው ሳቀና ቡናማ ምራቅ በአገጩ ላይ ተንጠባጠበ። ልጅቷ በመሐረብ ጠረገችለት። ግሌንዳ ፊቷን አዞረች።

«ብስኩቱን ባንኮኒው ላይ አታርግፊብኝ።»

«ይቅርታ። ካልቆረጠምኩ ያስመልሰኛል። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ።» ደግ ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኗን አየቻት።

ይሄኛው ከሁሉ ባሰ። ግሌንዳ እዚያው ወሰነች። ግድግዳው ላይ፣ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ የጋብቻ ማመልከቻ አንቀበልም የሚል ማስታወቂያ አለ። ማንም አክብሮት አያውቅም።

«ሰዓቱ አልፏል። ሰኞ ኑ» አለች።

«ግሌንዳ፣ እሱን መቼ ተጠቅመንበት እናውቃለን? በቃ እኔ ልሥራላቸው» አለች ቶንያ።

«አትነኪውም። እዚህ አለቃዋ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ መቆርጠሟን አቆመች። «ነገ እኮ ቤተ ክርስቲያኑ ተይዟል። እሁድ ደግሞ ጓዛችንን ጠቅልለን አላስካ እንሄዳለን፤ ሥራ አግኝቷል። ከዚያ ወዲያ መመለሳችንን እንጃ። ዛሬ የመጣነውም ለዚሁ ብለን ነው።»

በዚህ ዕድሜው የምን ሥራ! ግሌንዳን ውሸቱም አቅለሸለሻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለች።

«ስሚኝ፣ ላንቺ ብዬ ነው። አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ። ዕድሜሽን እንዲህ ያለ ሰው ላይ አትጣዪ። የወለደችው እናት ብታየው ባፈረችበት ነበር። እኔ ይህን ፈቃድ በእጄ አልሰጥም።»

ልጅቷ ፎቶውን አየች፣ ግሌንዳን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የመጨረሻ ቃልዎ ነው?»

«የመጨረሻ ቃሌ ነው።»

ሽማግሌው ሊናገር አፉን ከፈተ። ልጅቷ ግን እጅጌውን ሳብ አደረገችው። «ተወው። እንሂድ።»

ከወጡ በኋላ ግሌንዳ አልኮሏን አውጥታ የብስኩቱን ፍርፋሪ ጠረገች፤ ሽማግሌው የተደገፈበትን ደጋግማ ወለወለች። አንዲት ነፍስ ያዳነች መስሏት ልቧ ቀለል አላት።

ጭሱ ግን አሁንም እየገባ ነው። ግሌንዳ መስኮቱን ልትዘጋ ተነሥታ ማስመሪያውን ያዘች። ከታች ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ፒክአፑ ውስጥ ገብታለች። ሽማግሌው በሾፌሩ በኩል ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ድምፁ እስከ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ንዳው ልጄ» አለ ኮፍያ ላደረገው ሾፌር። «እናትህ በእጄ አልሰጥም ብላለች።»