አረቄው ያልወጣለት አተላ

ኑግዛር ከጎረቤቱ ከማቅቫላ የብስባሽ ክምር ላይ አንድ እፍኝ የወይን አተላ ዘግኖ አሸተተ። አረቄው አልወጣለትም። በጆርጂያ የወይን አገር በካኬቲ አረቄውን ሳያወጣ አተላ የሚደፋ ሰው የለም፤ ይቺ ሴትዮ የደበቀችው ነገር አለ።

«ወይንሽ ተበላሸ እንዴ?»

«ደህና ነው፤ ሁሉንም ሸጥኩት።» ማቅቫላ ክምሩን የምታገላብጥበትን መንሽ አላቆመችም።

«አረቄ ማውጫሽንስ ሸጥሽው?»

«አለ። ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ልታሞኚኝ ነው?»

ማቅቫላ አተላው ላይ የፈረስ ፍግ በትና ቀና አለች። «ልጄ ቅዳሜ ከሆስፒታል ይወጣል። ሐኪሙ የመጠጥ ጠብታ እንዳይቀምስ ብሏል።»

ኑግዛር እፍኙን ወደ ክምሩ ለቀቀው። ልጇን በአሥራ ሦስት ዓመቱ፣ በወይን ለቀማ ድግስ ላይ፣ እያጨበጨበ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ያስጨለጠው እሱ ነበር።

ማቅቫላ መንሹን አቀበለችው። «በል አገላብጠው፤ ከሥሩ ገና አረቄ አረቄ ይሸታል።»