በስዊቹ መዝገብ ላይ የተገኘው ስም

«ስዊቾቹን የመረጡት እሳቸው ናቸው... እኔ የለሁበትም!»

ሐሊና ይህን ያለችው በሰው አገር፣ ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ባለው መሥሪያ ቤቷ፣ አለቆቿ በተሰበሰቡበት ነው።

«እሳቸው» ያለቻቸው ደግሞ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯትን ጋሽ ጓንጉልን...

የዚያን ዕለት ረፋድ፣ የደንበኞችን መስመር በስዊቾቹ የሚያገናኘው የዳታ ሴንተሩ ኔትወርክ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ነበር። ደንበኛ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲጮህ፣ ሮጠው ገብተው ያስነሱት ጋሽ ጓንጉል ናቸው።

ስብሰባው ላይ ጋሽ ጓንጉል አየት አደረጓት።

«እውነቷን ነው። ምርጫው የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ።

ሐሊና አልደወለችላቸውም። መጀመሪያ አፈረች... ሳምንቱ ወር ሆነ... ከዚያማ በምን አፏ!

ቢሮው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ አማርኛ የሚናገር አልነበረም። አርብ አርብ ሁለቱ ሁርሊንግሃም ሰፈር ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደው በየዓይነቱ ይበሉ ነበር። አሁን ብቻዋን ስትገባ አስተናጋጇ «ዛሬም ብቻሽን?» ትላታለች...

መሄዱን ተወችው።

ቅዳሜ ከቤት አትወጣ፣ እሁድ ከሰው አታወራ... እንዲሁ ሰኞ ይሆናል። ወይ ብቸኝነት!

በስምንተኛው ወር አሮጌዎቹ ስዊቾች በአዲስ ሊተኩ ሆነ። መራጯ እሷ ናት።

ከመንቀሏ በፊት፣ ማን ምን እንዳዘዛቸው የሚያሳየውን መዝገብ ከፈተች።

ኔትወርኩ በጠፋባት ደቂቃ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ አለ...

ለአንድ ደንበኛ አዲስ መስመር ሲከፈት «ጨምር» የምትለው ቃል ተረስታለች። ቃሏ ከተረሳች ስዊቹ አዲሱን መስመር ይይዝና የነበሩትን በሙሉ ይሰርዛል!

ያዘዘው ማን ይላል?

ሐሊና።

ከሥሩ ደግሞ፣ የተሰረዙትን አንድ በአንድ የመለሰው ሰው ስም... ጓንጉል።

አያችሁልኝ? ስብሰባው ላይ ሲቀመጡ ያውቁ ነበር!

ስልኳን አንስታ ደወለችላቸው። ወዲያው አነሱት።

«ጋሼ... እኔ ነበርኩ እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«የሥራ ፈቃድሽ በድርጅቱ ነው። ቢያባርሩሽ አገር ልትለቂ ነበር። እኔ የዚህ አገር ዜግነት አለኝ፤ ማን ያስወጣኛል?»

ሐሊና አለቀሰች።

«ሥራውስ ይቅር...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የጎዳኝ ስምንት ወር ስልክ ስልኬን ማየቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቁጭ ብዬ የማወራው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ...»

ወገኖቼ፣ ስንደነግጥ ጣታችን የሚቀሰረው ዝም ብሎ በሚችለን ሰው ላይ ነው። ይቅርታውን ደግሞ ዛሬ ነገ ስንል፣ እኛም እሱም በየቤታችን ብቻችንን እንቀራለን።

እናንተስ... አፍራችሁ ሳትደውሉለት የቀራችሁት ሰው ማን ነው?

ኮመንት ላይ ንገሩኝ... ግን እባካችሁ፣ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉለት።