የሰዓት ሠሪው ዝምታ

ሰዓት ሠሪው አንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ተነስቶ መናገር አቆመ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ቤቱ ወሬ የሚጎድለው ቤት አልነበረም። የሚስቱ እህት ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተባት ወዲህ እነሱ ዘንድ ነው የምትኖረው። ከነቃችበት እስክትተኛ አፏ ስለማይዘጋ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ብቻዋን ስትቀር ለስፌት መኪናዋ ታወራለች።

ነገሩ የታወቀው ሰዓት ሠሪው ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ወደ ሱቁ ሊሄድ ሲል ነው።

«ሸሚዝህን ገልብጠኸዋል» አለችው ሚስቱ።

ፈገግ ብሎ ወጣ።

«በቃ፣ ጋሼን ነካ አድርጎታል!» አለች ሬዲዮ።

ሚስትየው ደነገጠች። ምድጃው መጥፋቱን ልታይ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ይህ ሁልጊዜም የምታደርገው ነው። እንቅልፍ ከራቃትም ቆይቷል፤ እሷ ግን ጥንቃቄ ነው የምትለው።

ቀኖቹ አለፉ። ሰዓት ሠሪው ቤት ውስጥ ትንፍሽ አላለም። የሚገርመው፣ ከሱቁ ደንበኞች አንድም ቅሬታ ያቀረበ አልነበረም።

ልጃቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰሞኑን ከሥራ ሲመለስ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚገባው።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ንገረኝ እንጂ» አለው።

አባትየው አተኩሮ አየውና አንገቱን ደፋ።

«ሐኪም ይየው» አለ ልጅየው።

«የምን ሐኪም?» አለች እናቱ።

«ያው… የጭንቅላት።»

ሬዲዮ ብድግ ብላ መስኮቱን ዘጋች። «ቀስ በል! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለናል? በቤታችን እብድ የለም። አንድ ሰው ትንሽ አብዶ ነው እንጂ።»

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ። ከሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ነበር፤ የረቡዕ ጠዋቱን ቀጠሮ ለማስታወስ። ሚስትየው ልጇ የያዘው መሰላት። ልጅየው አክስቱ የያዘችው መሰለው። አክስትየው እህቷ የያዘችው መሰላት። የሚያሳፍር ጉዳይ ስለነበር አንዱ ሌላውን አልጠየቀም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስቱም ጥቁር መነጽር አድርገው ሰዓት ሠሪውን መሐል አስገብተው ወጡ። ደረጃው ላይ ጎረቤታቸው ገጠመቻቸው።

«ምነው በጠዋቱ ተሰብስባችሁ?»

«ጥርሱን አሞት ነው» አለች ሚስትየው።

«ውይ! ሁሉንም አስነቅለው የለም እንዴ?»

«ድዱን» አለች ሬዲዮ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያጠረ ነገር ተናግራ አታውቅም።

መንገድ ላይ ልጅየው የምክር አገልግሎቱን ሕንፃ ለማግኘት ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ያነብባል። ሰዓት ሠሪው ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ታጥፎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

«እዩት፣ እግሩ ወደመራው መሄድ ጀመረ!» አለች ሚስቱ። ተከትለውት ወጡ። እሱ የቆመው ትክክለኛው በር ላይ ነበር። ዕድል ነው አሉ።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ፊት ለፊቷ አራት ወንበሮች ተደርድረው ይጠብቃሉ።

«ማን ይጀምር?» አለች።

ሦስቱም ወደ ሰዓት ሠሪው ጠቆሙ።

«እሳቸው ዛሬ ባይናገሩም ግድ የለም። ቤት ውስጥ ምን ያስጨንቃቸዋል?»

«ኧረ ምን ያስጨንቀዋል!» አለች ሚስትየው። «በሩን የምፈትሸው እኔ፣ ምድጃውን የማየው እኔ፣ ተኝቶ ይተነፍስ እንደሆነ የማዳምጠው እኔ! እንዲህ እንዲህ ስል ይነጋል።»

«እርስዎ መቼ ይተኛሉ?»

«የእኔን ደግሞ ምን አመጣው?» አለች። እንባዋ ግን ቀደማት።

ልጅየው ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጣነው ስለ አባዬ ነው። እኔም እሱን እያሰብኩ ነው እንጂ… ድልድዩ ላይ ስደርስ ልቤ ይዘላል፣ እጄ መሪውን አልይዝ ይላል። ዳር ይዤ እቆማለሁ። ተሳፋሪው ይጮኽብኛል። አንድ ቀን ሰው ይዤ ብገለበጥ አባዬ ምን ይሆናል እላለሁ።»

«ይህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው?»

ጣሪያውን አየ። «በየቀኑ።»

ሰዓት ሠሪው እጁን ዘርግቶ የልጁን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«ምስኪን፣ ፈርቶ እኮ ነው!» አለች ሬዲዮ።

«እርስዎስ?» አለቻት ባለሙያዋ።

ሬዲዮ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች።

«ቤቱ ጭር ሲል» አለች በመጨረሻ፣ «ባሌ የሞተ ቀን ይመጣብኛል። ሬሳውን አውጥተውት የቀረው ጸጥታ… ለዚህ ነው የማወራው።»

እህቷ ዞር ብላ አየቻት። ስንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ሰምታ አታውቅም።

ባለሙያዋ የቀጠሮ መዝገቧን ገለጠች። ከዚያ፣ «ቤታችሁ እንዲረጋጋ እያንዳንዳችሁን ለየብቻ ማየት አለብኝ። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም» አለች።

«ለእሱ ሲባል ምን ይደረግ» አለች ሚስትየው አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ለአባዬ ስል እመጣለሁ።»

«ለጋሼማ የት አልሄድለት!»

ሦስቱም ቀጠሮ ያዙ። በቤቱ እብድ ያለበት ቤተሰብ ብዙ ነገር ይችላል።

«አሁን እሳቸውን ለብቻቸው ላናግራቸው» አለች ባለሙያዋ።

«እሱን ካናገርሽውማ ጎበዝ ነሽ!» አለች ሬዲዮ። ወጡ፤ በሩ ተዘጋ።

ሰዓት ሠሪው ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠበቀና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገ።

«በስልክ ቀጠሮውን ስይዝ አላልኩሽም ልጄ?» አለ። «ለራሳችሁ ሂዱ ቢባሉ አንዳቸውም አይመጡም ነበር።»